በወንዝና በኩሬ መዋኘት፦ የመስጠም አደጋና መከላከያው

ተምጫ፣ ብር፣ ላህ፣ ፈጣም እና ሌሎች የምዕራብ ጎጃም ወንዞች ከደጋው ተነሥተው ወደ አባይ ይወርዳሉ። በበጋ ከብት ይጠጣባቸዋል፣ ልብስ ይታጠብባቸዋል፣ ማሳ ይለማባቸዋል፤ ከእርሻና ከትምህርት በተረፈው ሰዓት ደግሞ ልጆችና ወጣቶች ይዋኙባቸዋል። ሰኔ ሲገባ እነዚሁ ወንዞች መልካቸውን ይለውጣሉ። ትናንት ጉልበት የማይደርሰው መሻገሪያ ዛሬ በሬ ይወስዳል። ስለዚህም በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባሉ ቀበሌዎች የመስጠም አደጋ ለመዝናናት የሚዋኘውን ወጣት ብቻ የሚመለከት አይደለም። ከብት የሚያጠጣውን እረኛ፣ ውሃ ልትቀዳ የወረደችውን ልጅ፣ ከገበያ የሚመለሰውን ገበሬም ይመለከታል።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ በ2021 ባሳለፈው ውሳኔ ሐምሌ 18 ቀን በየዓመቱ የመስጠም አደጋን የመከላከል ቀን ሆኖ ይታሰባል። ቀኑ ለእኛ ሀገር ከክረምቱ እኩሌታ ጋር መግጠሙ መልካም አጋጣሚ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2024 ባወጣው ሪፖርት በ2021 ብቻ በዓለም ዙሪያ 300 ሺህ ያህል ሰዎች በመስጠም ሕይወታቸው አልፏል። ከሟቾቹ ውስጥ አንድ አራተኛ ያህሉ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕጻናት ሲሆኑ፣ ከመቶው 92ቱ ሞት የደረሰው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ሀገራት ነው። ከዓለም ክፍሎች ሁሉ ከፍተኛው የሞት ምጣኔ የተመዘገበው በአፍሪካ ነው።

ብዙ ሰው የሚሰጥመው ዋና የማይችል ብቻ ይመስለዋል። እውነታው ከዚህ የራቀ ነው። ዋና የማይችል ሰው ውሃ ይፈራል፤ ዳር ዳሩን ይሄዳል። ዋና የሚችለው ግን በራሱ ይተማመናል፣ ወደ ጥልቁ ይገባል፣ ጓደኞቹን ለመብለጥ ይፎካከራል፣ ሌላው ሲሰጥም ለማዳን ቀድሞ ዘልሎ ይገባል። ከዚህ በታች የምንዘረዝራቸው አደጋዎች አብዛኞቹ ዋናተኛውን የሚያገኙ ናቸው።

ትንፋሽ ይዞ መጥለቅ

ወንዙ በቋጥኞች መካከል ረግቶ በሚጠራቀምባቸው ጥልቅ ቦታዎች ወጣቶች ከሚወዷቸው ጨዋታዎች አንዱ ትንፋሽ ይዞ መጥለቅ ነው። ማን ብዙ ቆየ፣ ማን ከሥር ድንጋይ አወጣ እየተባለ ውድድር ይደረጋል። ጨዋታው ቀላል ቢመስልም ጎበዝ ዋናተኛን ያለ ምንም ድምፅና ያለ ምንም ትግል ሊገድል የሚችል ነው። ለምን እንደሆነ መረዳት ስለሚጠቅም ጥቂት እናብራራው።

ሰው ትንፋሹን ሲይዝ ‘ተንፍስ፣ ተንፍስ’ የሚል አስገዳጅ ስሜት ይመጣበታል። ይህን ስሜት በዋናነት የሚቀሰቅሰው የኦክስጅን ማነስ ሳይሆን በደም ውስጥ የሚጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አንዳንድ ዋናተኞች ከመጥለቃቸው በፊት ደጋግመው በፍጥነትና በጥልቀት ይተነፍሳሉ፤ ብዙ አየር ያጠራቀሙ ይመስላቸዋል። በዚህ ዘዴ በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን የሚጨምረው እጅግ በጥቂቱ ነው። በአንጻሩ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ተጠርጎ ይወጣል። በመሆኑም ማስጠንቀቂያው ይዘገያል፤ ኦክስጅኑ ግን ማለቁን አያቆምም። ዋናተኛው ምንም ሳይጨንቀው፣ ደኅና ነኝ ብሎ ሳለ ራሱን ይስታል። ራሱን የሳተ ሰው ሳያውቀው መተንፈስ ይጀምራል፤ በዚህ ጊዜ ወደ ሳንባው የሚገባው ውሃ ነው። ከላይ ቆመው የሚያዩት ጓደኞቹ ደግሞ ‘ዛሬስ ብዙ ቆየ’ እያሉ ያደንቃሉ።

ከጥልቁ ወደ ላይ መመለሱም የራሱ አደጋ አለው። ከሥር የውሃው ግፊት በሳንባ ውስጥ ያለውን አየር ስለሚያምቀው ኦክስጅኑ ወደ ደም ይገፋል። ሰውየው ወደ ላይ ሲወጣ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ኦክስጅኑም በዚያው መጠን ይወርዳል። ብዙ ጠላቂዎች ራሳቸውን የሚስቱት ከሥር ሳይሆን ሊወጡ ጥቂት ሲቀራቸው ወይም ወጥተው ሳሉ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

መከላከያው ግልጽ ነው። ትንፋሽ የመያዝ ውድድር ፈጽሞ አይደረግ። ከመጥለቅ በፊት በፍጥነት መተንፈስ አይገባም። መጥለቅ የግድ ከሆነ፣ ለምሳሌ የወደቀ ዕቃ ለማውጣት፣ አንዱ ሲጠልቅ ሌላው ከላይ ሆኖ ዓይኑን ሳይነቅል ይከታተል፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይጥለቁ። በአንዱ መጥለቅና በሚቀጥለው መካከል ውሃ ውስጥ ከቆዩበት ጊዜ ቢያንስ እጥፍ የሚሆን እረፍት ያስፈልጋል።

በሸምበቆ ወይም በጎማ ቱቦ እየተነፈሱ ከውሃ በታች ለመቆየት መሞከርም የዚሁ ጨዋታ ሌላ ገጽ ነው። በአንድ ሜትር ጥልቀት ውሃ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ የአንድ ቶን ያህል ክብደት ይጭናል። የአንድ ሰው ደረት ስፋት የካሬ ሜትር አንድ አሥረኛ ቢሆን እንኳ በደረቱ ላይ አንድ ኩንታል ተጭኖበታል ማለት ነው። ኩንታል ደረቱ ላይ የተጫነበት ሰው አየር ወደ ውስጥ መሳብ አይችልም። ቱቦው በረዘመ ቁጥር ደግሞ ተንፋሹ ንጹሕ አየር ሳይሆን ቀደም ሲል ያስወጣውን አየር መልሶ ይስባል። በባሕር ዳርቻ ሀገራት ሰዎች ዓሣ ለማየት የሚጠቀሙበት ስኖርክል የተባለው መተንፈሻ ቱቦ አጭር የሆነውና ተጠቃሚው ከውሃው ገጽ ላይ በደረቱ ተንሳፎ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ አጭር ቱቦም ቢሆን ከአደጋ ነጻ አይደለም። በአሜሪካዋ የሐዋይ ግዛት የተካሄደና እ.ኤ.አ በ2021 ይፋ የሆነ ጥናት አየርን በጠባብ ቱቦ በኃይል መሳብ ሳንባ በፍጥነት ፈሳሽ እንዲቋጥር ሊያደርግ እንደሚችል አመልክቷል። ለሥራ ወደ ዓረብ ሀገራት ወይም ወደ ጅቡቲ ሄደው ይህን መሣሪያ የሚሞክሩ ወገኖች ትንፋሽ ማጠር እንደ ተሰማቸው ቱቦውን ከአፋቸው አውጥተው፣ በጀርባቸው ተንሳፈው፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ከውሃው መውጣት ይኖርባቸዋል። ‘ትንሽ ታግሼ ልየው’ ማለት አይሠራም።

ጥልቀቱ ዓይንን ያታልላል

በጥርና በየካቲት ወንዞቻችን ጠርተው ከሥር ያለው ጠጠር ይታያል። ይህ ጥራት ግን ያሳስታል። ብርሃን ከውሃ ወደ አየር ሲወጣ ስለሚሰበር፣ ከላይ ሆኖ ለሚመለከት ሰው ውሃው ከእውነተኛ ጥልቀቱ ሩብ ያህል ቀንሶ ይታየዋል። ሁለት ሜትር የሆነው ኩሬ አንድ ሜትር ተኩል ይመስላል። ደረቴ ላይ ይደርሳል ብሎ የገባ ልጅ ራሱ ላይ ያልፈዋል።

በክረምት ደግሞ ውሃው ስለሚደፈርስ ከሥር ያለው ምንም አይታይም። ባለፈው ዓመት ጥልቅ የነበረው ቦታ በደለል ተሞልቶ፣ ወይም ጎርፍ ያመጣው ቋጥኝና ግንድ ተቀብሮበት ሊሆን ይችላል። ከገደል ላይ በራስ ቁልቁል መዝለል አንገትን ይሰብራል፤ አንገቱ የተሰበረ ሰው እጅና እግሩ ስለማይታዘዙት ከወገቡ በማይበልጥ ውሃ ውስጥም ይሰጥማል። ያላወቁትን ውሃ በእግር ቀስ ብሎ እየረገጡና በዱላ እየለኩ መግባት ይበጃል።

ከደጋ የሚወርድ ውሃ ማለዳ ላይ በጣም ቀዝቃዛ ነው። በድንገት ዘሎ የገባ ሰው ሳይወድ በግድ ኃይለኛ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይስባል፤ አፉ በዚያ ቅጽበት ከውሃ በታች ከሆነ ውሃ ይስባል። ፊትና ደረትን አስቀድሞ አርሶ ቀስ በቀስ መግባት ይህን ያስቀራል። ጠላም ሆነ አረቄ ጠጥቶ መዋኘት ደግሞ የሰውነትን ሚዛን ከማሳጣቱም በላይ የማይደፈረውን ያስደፍራል።

ደራሽ ውሃ

የጮቄ ተራራ ከፍታው ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ነው። በላይኛው ደጋ የጣለ ዝናብ ቆላ ለመድረስ ጊዜ ይወስድበታል። ስለሆነም በታች ያለው ሰው ፀሐይ እየሞቀ፣ ሰማዩም ጠርቶ ሳለ ደራሽ ይመጣበታል። ምልክቶቹን አርሶ አደሩ ያውቃቸዋል፤ ችግሩ በውሃ ውስጥ የሚጫወት ልጅ አለማስተዋሉ ነው። የጠራው ውሃ በድንገት መደፍረስ፣ ገለባ፣ ቅጠልና ጭራሮ ተንሳፎ መምጣት፣ ከላይ በኩል እንደ ነፋስ ያለ ጉምጉምታ መሰማት፣ ዳር ላይ ያለ ድንጋይ ቀስ እያለ መዋጥ፣ እነዚህ ሁሉ ‘አሁኑኑ ውጣ’ የሚሉ ናቸው። ልብስና ጫማ ለመሰብሰብ መቆየት አይገባም። በደጋው በኩል ጥቁር ደመና ከታየ ወይም ነጎድጓድ ከተሰማ ከናካቴው ወንዝ አለመግባት ነው።

የወራጅ ውሃን ጉልበት ብዙዎቻችን አሳንሰን እንገምታለን። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ፈጣን ጎርፍ የቆመን አዋቂ ሊጥል፣ 30 ሳንቲ ሜትር ያህሉ አነስተኛ መኪና ሊወስድ፣ 60 ሳንቲ ሜትር ያህሉ ደግሞ አብዛኞቹን ተሽከርካሪዎች ጠርጎ ሊያወርድ ይችላል። ባጃጅ ከመኪናም ይቀልላል። ጎርፍ በላዩ የሚያልፍበት ድልድይ ወይም መሻገሪያ ካጋጠመ እስኪጎድል መጠበቅ የአንድ ሰዓት ወይም የአንድ ምሽት ጉዳይ ነው፤ ገበያው በሚቀጥለው ሳምንትም ይቆማል።

ውሃ የወሰደው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ለመቆም መሞከር ነው። ይህ ስሕተት ነው፤ እግር በድንጋይ መካከል ከተሰነቀረ ግፊቱ ሰውየውን በግንባሩ ይደፋዋል። ይልቁንም በጀርባ ተንጋሎ፣ እግርን ወደሚወርድበት አቅጣጫ ዘርግቶ፣ ቋጥኝ ሲመጣ በእግር እየገፉ፣ ከወራጁ ጋር ፊት ለፊት ሳይታገሉ በሰያፍ ወደ ዳር መቅዘፍ ያስፈልጋል።

በዓላትና ጸበል

በጳጉሜን ቀናት፣ በተለይም በ3ኛው ቀን በቅዱስ ሩፋኤል ዕለት፣ ምእመናን ማለዳ ወንዝ ወርደው መጠመቃቸው የቆየ ልማድ ነው። ጳጉሜን ግን ወንዞች ገና ያልጎደሉበት ወቅት ነው። ልማዱን ሳይነኩ አደጋውን መቀነስ ይቻላል፤ ወራጁ ውስጥ ከመግባት ይልቅ ዳር ሆኖ በጣሳ ወይም በጀሪካን እየቀዱ መጠመቅ፣ ሕጻናትን እጅ ይዞ መውረድ፣ ወንዙን የሚያውቁ ጎልማሶች ከታች በኩል እንዲቆሙ ማድረግ በቂ ነው። በጥምቀት ዕለት ውሃው ጎደሎ ቢሆንም ለበዓሉ በተገደቡ ቦታዎች፣ በጎንደሩ የዐፄ ፋሲል መዋኛ እንደሚታየው፣ ብዙ ወጣት በአንድ ጊዜ ዘሎ ስለሚገባ አንዱ በሌላው ላይ መውደቁና ከሥር ያለው ሳይታይ መቅረቱ ያሰጋል።

እዚህ ላይ በተለይ ሊነሣ የሚገባው የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች ጉዳይ ነው። እነዚህ ወገኖች በውሃ የመሞት አደጋቸው ከሌላው ሰው ከ10 እጥፍ በላይ ነው። ሕመሙ በውሃ ውስጥ ከተነሣ ጉልበት በማይደርስ ወንዝ፣ ልብስ በሚታጠብበት ኩሬ ዳር እንኳ ሊሰጥሙ ይችላሉ። ወደ ጸበልም ሆነ ወደ ወንዝ ሲወርዱ ከጎናቸው የማይለይ፣ እነሱን ጎትቶ ለማውጣት አቅም ያለው ሰው ሊኖር ይገባል። የሐኪም መድኃኒታቸውንም ማቋረጥ አይኖርባቸውም።

በግቢና በማሳ ያለ ውሃ

ለሕጻናት የሚያሰጋው ወንዝ ብቻ አይደለም። ለመስኖ የተቆፈሩ ኩሬዎች፣ ክዳን የሌላቸው የእጅ ጉድጓዶች፣ ቦዮችና ለግንባታ አፈር የወጣባቸው በዝናብ የሚሞሉ ጉድጓዶች በየሰፈሩ አሉ። ከሁሉም የከፋው ውሃው እንዳይሰርግ ጥቁር ፕላስቲክ የተነጠፈበት ኩሬ ነው። ፕላስቲኩ ሲረጥብ ስለሚያንሸራትት፣ የገባው ሕጻን ቀርቶ ጎልማሳውም ተንጠልጥሎ መውጣት ይሳነዋል። ኩሬውን በእሾህ ወይም በአጣና ማጠርና ቢያንስ በሁለት ማዕዘን በችካል የታሰረ፣ ኩሬው ሥር የሚደርስ ቋጠሮ ቋጠሮ ያለው ገመድ መልቀቅ ወጪው ጥቂት ነው። ጉድጓድ በክዳን ይሸፈን። ገና መሄድ የጀመረ ሕጻን ባለበት ቤት ውሃ የተቀዳበት ሳፋም ሳይደፋ አይደር፤ ሕጻን በጥቂት ሳንቲ ሜትር ውሃ ይሰጥማል።

የሚሰጥምን ሰው ማዳን

የሚሰጥም ሰው ይጮኻል፣ እጁን ያወናጭፋል ብለን እንጠብቃለን። አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አይሆንም። ለመጮኽ አየር ያስፈልጋል፤ እሱ ያጣው ደግሞ አየር ነው። አካሉ በውሃ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ራሱ ወደ ኋላ ይጋደላል፣ አፉ ከውሃው ገጽ ብቅ ጥልቅ ይላል፣ እጆቹ ውሃውን ወደ ታች ይጫናሉ። ይህ ከአንድ ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ቆይቶ ይሰጥማል። ስንጫወት የነበረ ልጅ በድንገት ዝም ካለ መጠርጠር ያሻል።

አሳዛኙ ነገር አንድ ሰው ሲሰጥም ወንድሙ፣ ከዚያም አባቱ ተከታትለው ገብተው አብረው መቅረታቸው ነው። የሚሰጥም ሰው ያገኘውን ሁሉ ይጨብጣል፤ ሊያድነው የመጣውንም አንገቱን አንቆ ወደ ታች ይዞት ይወርዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምርጫ ዳር ሆኖ ማዳን ነው። በደረት ተኝቶ ዱላ፣ ረጅም ቅርንጫፍ፣ ነጠላ ወይም ጋቢ ማቀበል ይቻላል። ሰውየው ከራቀ በየቤቱ የማይጠፋው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሁነኛ መሣሪያ ነው። ባዶውን ክዳኑ ጥብቅ ብሎ ተዘግቶ፣ ጥቂት ውሃ ቢጨመርበት ደግሞ ለመወርወር እንዲመች፣ በገመድ ታስሮ ይወርወር፤ አንድን አዋቂ ጭንቅላቱን ከውሃ በላይ ይዞ ለማቆየት ይበቃል። ልጆች በሚዋኙበት ወንዝ ዳር እንዲህ የተዘጋጀ ጀሪካን ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ቢውል የሚያስወጣው ወጪ የለም ማለት ይቻላል።

ገመድን በሚመለከት አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ወንዝ የሚሻገረውን ወይም ለማዳን የሚገባውን ሰው ወገቡን አስሮ ዳር ሆኖ መያዝ አስተማማኝ ይመስላል። እ.ኤ.አ በ1968 በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራ የብሪታንያ ቡድን አባይን በጀልባ ለመውረድ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በነበረበት ጊዜ፣ ከአባላቱ አንዱ የአባይ ገባር የሆነውን በሽሎን በገመድ ታስሮ በዋና ሲሻገር ሰጥሞ ሞቷል። ምክንያቱ ለማንም ግልጽ ነው፦ ገመዱ ሲወጠር ሰውየው ባለበት ይቆማል፣ ወራጁ ግን አይቆምም፤ ውሃው በላዩ እየፈሰሰ ወደ ታች ይጫነዋል። የተወጠረ ቋጠሮ ደግሞ በእጅ አይፈታም። ገመድ በእጅ የሚያዝ፣ ሲያስፈልግ የሚለቀቅ እንጂ በወገብ የሚታሰር መሆን የለበትም።

ከውሃ የወጣው ሰው የማይነቃና የማይተነፍስ ከሆነ፣ እንደ ልማዳችን ቁልቁል ማንጠልጠልና ሆድን መጫን ጊዜ ከማባከን አልፎ የሆድ ዕቃው ወደ ሳንባ እንዲገባ ያደርጋል። አንጎል ያለ ኦክስጅን ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ ስለማይቆይ የሚያስፈልገው ትንፋሽ ነው። በጀርባው አስተኝቶ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ አፍንጫውን ይዞ፣ አፍ ለአፍ 5 ጊዜ መተንፈስ፤ ደረቱ ከፍ ማለቱንም ማየት። ቀጥሎ በደረቱ መካከል እጅን ደራርቦ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ በሚሆን ፍጥነት፣ ለአዋቂ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ለሕጻን የደረቱን ውፍረት ሢሶ ያህል ወደ ታች 30 ጊዜ መጫን፤ ከዚያ 2 ትንፋሽ መስጠት። 30 ግፊትና 2 ትንፋሽ እየተፈራረቁ፣ ሰውየው መተንፈስ እስኪጀምር ወይም የጤና ባለሙያ እስኪደርስ ይቀጥላሉ። ሌላ ሰው ወዲያውኑ አምቡላንስ ይጥራ።

መተንፈስ ከጀመረ በጎኑ አስተኝቶ፣ እርጥብ ልብሱን አውልቆ በደረቅ ጋቢ መሸፈን ነው። ውሃ ወደ ሳንባው የገባ ሰው ተነሥቶ ቢናገርና ‘ደኅና ነኝ’ ቢልም በሚቀጥሉት ሰዓታት ትንፋሹ ሊከፋ ይችላል። ስለዚህ ወደ ቤት ሳይሆን በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ፣ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ከቀጠለ ደግሞ ወደ ሆስፒታል ተወስዶ ለበርካታ ሰዓታት በባለሙያ ዓይን ሥር መቆየት አለበት።